ከበረት እስከ ዱር፦ ሰኮና ያላቸው እንስሳት የጋራ ዕጣ

መግቢያ

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ መሆኗን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። እ.ኤ.አ በ2021 የወጣው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መረጃ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ በግና ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየል እንዳለን ያሳያል። በአህያ ብዛትማ በዓለም ግንባር ቀደም ነን።

በሌላ በኩል ደግሞ የእነዚሁ እንስሳት የዱር ዘመዶች አሉ። የሰሜን ተራሮች ዋልያ፣ የባሌው የደጋ አጋዘን፣ የሰንቀሌው ቆርኬ፣ የአፋር በረሃ የዱር አህያ። የበረቱ እንስሳ በሚሊዮን ሲቆጠር የዱሩ በመቶና በሺህ ነው የሚቆጠረው።

በዚህ ሴሚስተር በወሰድነው የአካባቢ ጥበቃ ዘገባ ኮርስ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። ስለ ከብት የሚጻፈው በኢኮኖሚው ገጽ ላይ ነው፤ ስለ ዱር እንስሳ የሚጻፈው ደግሞ በቱሪዝም ገጽ። ሁለቱ በአንድ ዜና ውስጥ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ ሲጣሉ ብቻ ነው፤ “ሕገ ወጥ ግጦሽ ፓርኩን አደጋ ላይ ጣለ” በሚል ርዕስ። ለመሆኑ ይህ አጥር ተፈጥሮ ያጠረችው ነው ወይስ እኛ? በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አጥሩን ያጠርነው እኛ መሆናችንን ነው። የበረቱና የዱሩ እንስሳ የሚበሉት ሣር አንድ ነው፤ ሆዳቸው የሚሠራበት ዘዴ አንድ ነው፤ የሚገድላቸው በሽታም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ የዱሩን ለማዳን አንዳንዴ መጀመር ያለብን ከበረቱ ነው። ይህ ምኞት ብቻ ሳይሆን አንድ ጊዜ በተግባር የተፈተነ ነገር ነው።

አንባቢን ግራ እንዳያጋባ፣ “ዓ.ም” ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰኮናና ጨጓራ

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። ሰኮና ምንድን ነው? ሰኮና በአጭሩ ጥፍር ነው። ፈረስም ሆነ በሬ የሚቆመው እንደ ሰው በእግሩ መዳፍ ሳይሆን በጣቱ ጫፍ ላይ ነው። ጥፍሩ ወፍሮና ጠንክሮ ጫማ ሆኖለታል። በጣት ጫፍ መቆም እግርን ያረዝማል፤ ረጅም እግር ደግሞ በሜዳ ላይ ከአዳኝ ለማምለጥና ሣር ፍለጋ ሩቅ ለመሄድ ይጠቅማል።

ሰኮና ያላቸውን እንስሳት በሁለት ትላልቅ ወገኖች ልንከፍላቸው እንችላለን። ፈረስ፣ አህያና የሜዳ አህያ በየእግራቸው በአንድ ጣት ብቻ ይቆማሉ። ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ቆርኬ፣ አጋዘንና ዋልያ ደግሞ በሁለት ጣት ይቆማሉ። “ሰኮናው የተሰነጠቀ” የምንለው ይህንን ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ እንስሳ ብቻ እንዲበላ የሚያዘውን የኦሪት ሕግ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ሳይንስም ቢሆን እነዚሁን ሁለት ምልክቶች ለምደባ ይጠቀምባቸዋል። ግመል መሀል ላይ የቀረው ለዚህ ነው፤ ያመሰኳል፣ እግሩ ግን ለአሸዋ የሚመች ለስላሳ መዳፍ ነው።

ማመስኳቱን ለመረዳት መጽሐፍ ማንበቡ አልበቃኝም። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ካለው ሉካንዳ ቤት ሄጄ ባለቤቱን የበሬ ሆድ ዕቃ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። “አንቺ ልጅ፣ ልትገዢ ነው ልትማሪ የመጣሽው?” አሉኝ። “ጋሼ፣ ዛሬ ለመማር ነው” አልኳቸው። ሳቁና በባልዲ ያለውን አወጡልኝ። እሳቸው “ይሄ ጨጓራ ነው፣ ይሄ ሽንፍላ ነው” ሲሉኝ እኔ ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ትልቁ ከረጢት ነው፤ በትልቅ ከብት ላይ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ከእሱ ጋር የተያያዘው ትንሹ ክፍል ውስጡ የማር እንጀራ ይመስላል። ሦስተኛው እንደ ደብተር ቅጠል የተደራረበው ሽንፍላ ነው፤ “ሽንፍላ ታጥቦ አይጠራም” የተባለው ለምን እንደሆነ ያየ ሰው ይገባዋል። አራተኛው እንደ እኛ ሆድ አሲድ የሚያመነጨው ነው።

ትልቁ ምስጢር ያለው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ሣር በአብዛኛው የተሠራበትን ጠንካራ ነገር ላምም ሆነች ዋልያ በራሷ አቅም መፍጨት አትችልም። ሥራውን የሚሠሩላት በሆዷ ውስጥ የሚኖሩ ለዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። እንስሳዋ በጥድፊያ ትግጣለች፣ ከዚያ ጥላ ሥር ተኝታ የዋጠችውን ወደ አፏ እየመለሰች ታላምጠዋለች፤ ሕዋሳቱ ደግሞ እንደ ጠላ ጋን ያብላሉታል። ስለዚህ አንዲት ላም ስናይ ያየነው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፣ አራት እግር ያለው የመብላያ ጋን ጭምር እንጂ።

አህያና ፈረስ ግን አያመሰኩም። የሚያብላሉት ከሆዳቸው በኋላ፣ በትልቁ አንጀት በኩል ነው። ከእያንዳንዱ ሣር የሚያወጡት ጥቅም ያነሰ ቢሆንም ምግቡ ቶሎ ስለሚያልፍላቸው ብዙ መብላት ይችላሉ። ላም የማትወደውን ደረቅ ገለባ አህያ በልቶ የሚያድረው ለዚህ ነው። አህያ በመጀመሪያ ለማዳ የሆነው እዚሁ በእኛ ክፍለ አህጉር፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑንም ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የልጆቹ ቁጥር በሚሊዮን ሲረባ ወላጁ የዱር አህያ ግን በአፋርና በኤርትራ በረሃዎች ተወስኖ ለመጥፋት ተቃርቧል።

ሣሩን እንዴት ይካፈሉታል?

“ከብት ካለ ለዱር እንስሳ ሣር አይተርፍም” የሚለው አባባል እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ዓይነት አፍ አይበላም። ላም ሰፊ አፍ አላት፤ በምላሷ ጠቅልላ ነው የምትነጨው፣ ለይታ መልቀም ያስቸግራታል። ቆርኬ ፊቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከደረቁ አገዳ መሀል አረንጓዴዋን ቅጠል ለይቶ መንቀስ ይችላል። ፍየል ከሣሩ ይልቅ ቅጠል መቀንጠብ ትመርጣለች። የሜዳ አህያ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላለው ጠንካራውን የሣር አገዳ ቆርጦ ይበላል፤ የሚያመሰኩት ግን የላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ያልታየው ካለ የበግ ጭንቅላት ሲበለት ልብ ይበል።

በኬንያ ላይኪፒያ በተባለው ደጋማ ሜዳ የተሠራና በ2011 የታተመ ጥናት ይህንን በሥራ ፈትኖታል። ተመራማሪዎቹ አንዳንዱን መሬት ለከብት ብቻ፣ አንዳንዱን ለከብትና ለዱር እንስሳ በጋራ ከፍተው የከብቶቹን ክብደት መዘኑ። በደረቁ ወቅት የዱር እንስሳቱ ባሉበት የዋሉት ከብቶች ክብደት አነሰ፤ ሣር ስለሌለ ሽሚያ ነበር። በዝናቡ ወቅት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የሜዳ አህዮቹ ያረጀውን አገዳ ስለበሉላቸው ከብቶቹ ለጋውን ሣር አግኝተው የተሻለ ወፈሩ።

ከዚህ የምንማረው “ከብት ጠላት ነው” ወይም “ከብት ወዳጅ ነው” የሚል መልስ እንደሌለ ነው። መልሱ “መቼ? ስንት? የት?” በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ይንጠለጠላል። መሬቱ ከሚችለው በላይ መንጋ ከገባበት ግን ማንም አይጠቀምም፤ ሣሩም፣ ባለከብቱም፣ ቆርኬውም።

“ደስታ” የተባለው መቅሠፍት

ሣሩ ሊካፈሉት የሚችሉት ነገር ነው። በሽታ ግን ሳይስማሙም ይካፈሉታል። አሁን የምናየው ታሪክ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው።

በአማርኛ “የከብት ደስታ” የሚባል በሽታ ነበር። ስሙና ግብሩ ፈጽሞ አይገናኙም። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን ቫይረሱ የሰው ኩፍኝ ዘመድ ነው። የተያዘ ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ኃይለኛ ተቅማጥ ይይዘውና ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙት፣ በሽታው ወደ ሀገራችን የገባው በ1887 ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ከህንድ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር ነው። የእኛ ከብቶች ቀድሞ አያውቁትም፣ ስለዚህ መከላከያ አልነበራቸውም። ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ ገደማ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ መሬት ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለውን ጊዜ አባቶቻችን “ክፉ ቀን” ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡን እንዳበረታቱ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ከሕዝቡ ሲሶው እንደሞተ የሚገምቱ አሉ።

ይህን ታሪክ በሰው በኩል ሁላችንም በጥቂቱ እናውቀዋለን። በዱር እንስሳት በኩል ግን ብዙም አይነገርም። ቫይረሱ ሰኮናው የተሰነጠቀውን አይመርጥም፤ ባለቤት ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም። ከእኛ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ ጎሹን፣ ቀጭኔውን፣ አጋዘኑን፣ ከርከሮውን እየጨረሰ ሄደ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

ከተጎዱት አንዱ የእኛው ቆርኬ ነው። ይህ ዓይነቱ ቆርኬ በ1892 ለሳይንስ ዓለም ሲተዋወቅ ስሙ የተሰየመው በሶማሌ ምድር ባየው በእንግሊዛዊው መኮንን በስዋይን ነበር። ያኔ በሰሜን ሶማሊያ ሜዳዎች ላይ በትላልቅ መንጋ ይታይ ነበር። ደስታ በሽታና አደን ተባብረው ከዚያ ምድር አጠፉት። ዛሬ የስዋይን ቆርኬ በዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ተጠርጣሪው ማን ነበር?

ከዚህ በኋላ የመጣው ክፍል ለጋዜጠኛ ትልቅ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ። በሽታው በአፍሪካ እየጠፋ እየተመለሰ ለ100 ዓመት ያህል ቆየ። ጎሹና ሌላው የዱር እንስሳ በየጊዜው ሲታመም ይታይ ስለነበር ብዙ ባለሙያዎች “የበሽታው መደበቂያ ዱሩ ነው” የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ተስፋ የለም ማለት ነው፤ ጎሽን ሁሉ ማን ይዞ ይከትባል?

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዋልተር ፕሎውራይት የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ ሙጉጋ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አስተማማኝና ርካሽ ክትባት ሠራ። በዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል። ክትባቱ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ሜዳ ዙሪያ ላሉ ከብቶች ተሰጠ። ልብ በሉ፣ ለከብቶቹ ብቻ ነው የተሰጠው። ሜዳው ውስጥ የሚኖረው ዊልደቢስት፣ የቆርኬ የቅርብ ዘመድ ነው፣ አንድም መርፌ አልተወጋም። በየዓመቱ ጥጆቹን የሚፈጅበት ይኸው ደስታ በሽታ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከዊልደቢስቱም ጠፋ። ያኔ ወደ 250 ሺህ አካባቢ የነበረው መንጋ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። መንጋው ሲበዛ ሣሩ አጠረ፤ ሣሩ ሲያጥር በየዓመቱ ሜዳውን የሚያነደው ሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ችግኞች ማደግ ቻሉና ዛፉ ተመለሰ። በበረት ውስጥ ለላም የተሰጠ መርፌ የአንድን አገር መልክዓ ምድር ቀየረ ማለት ነው።

በዚህም ጥርጣሬው ተቀየረ። የዱር እንስሳው ለበሽታው ተጎጂ እንጂ ምንጭ አልነበረም፤ ምንጩ ያልተከተበው ከብት ነበር። ከብቱ ሲድን ዱሩም ዳነ። ለዓመታት የተከሰሰው ተጎጂው ነበር እንደማለት ነው።

መልሱ ከአፋር

ታዲያ ክትባቱ ከተገኘ በሽታው ለምን ቶሎ አልጠፋም? ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ ትልቅ የክትባት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፤ በሽታው ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው ዘመቻው ተዳከመና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ ብዙ ከብት ፈጀ። አንዱ ችግር ክትባቱ ያለ በረዶ ቶሎ መበላሸቱ ነው። መኪና የማይገባበት፣ ማቀዝቀዣ የሌለበት፣ ከብቱም በአንድ ቦታ የማይቆምበት አገር የበሽታው ምሽግ ሆነ። ከእነዚህ ምሽጎች አንዱ የአፋር ቆላ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ለ30 ቀን ያህል የሚቆይ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ። ሁለተኛ፣ መርፌው ለአርብቶ አደሩ ለራሱ ተሰጠ። ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ተሸክመው ከመንጋው ጋር እየሄዱ ከተቡ። አርብቶ አደሩ የትኛው ጎሳ መቼ የት ውኃ እንደሚያጠጣ ያውቃል፤ የታመመን ከብትም ከሩቅ ይለያል። ከከተማ የሚላክ ቡድን በዓመታት ያላደረገውን እነሱ በአጭር ጊዜ አደረጉት። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው።

በዓለም ላይ የመጨረሻው ታማሚ በ2001 በኬንያ ሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በጎሾች ላይ ተገኘ። በ2011 ደግሞ በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ በታሪክ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። በነገራችን ላይ ምናልባት ቢመለስ ተብሎ ከሚጠበቀው ክትባት የአፍሪካ ድርሻ የሚቀመጠው እዚሁ ቢሾፍቱ በሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው።

ስለዚህ ቆርኬውንና ጎሹን ከዚህ መቅሠፍት ካዳኗቸው ሰዎች መሀል በፓርክ አጥፊነት በብዛት የሚከሰሰው አርብቶ አደር አለበት። ይህን በስንት ዜና ላይ አንብበናል?

ያልተዘጋው መዝገብ

አንድ በሽታ ጠፋ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ቆርኬውን እንውሰድ። ከሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ፣ በአጄ ከተማ አጠገብ የሰንቀሌ መጠለያ የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ ተይዘው ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሣር የተወሰዱት አልበረከቱም። በ1983 ዓ.ም በነበረው የመንግሥት ለውጥ ግርግር ጊዜ ደግሞ በሰንቀሌ ብዙ ቆርኬ ተገድሎ ቁጥሩ እጅግ ወርዶ ነበር። ዛሬ ዋና መኖሪያዎቹ ሰንቀሌና በደቡቡ የማዜ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። ሰንቀሌ ትንሽ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን እርሻና መንደር ከቦታል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የጎረቤት ከብት ጤና የቆርኬው ጤና ነው።

ወደ ሰሜን ስንሄድ ዋልያን እናገኛለን። ብሔራዊ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከዚህ የገደል ጌታ ነው። በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር የትም አይኖርም። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ፤ የዋልያው ቁጥር በማነሱ፣ በሰፈራና በግጦሽ ምክንያት በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከዚያ በፊት በ2016 በፓርኩ እምብርት ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። የመዝገቡ መልካም ዜና የተገኘው እነዚያ ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀው መሆኑን መርሳት የለብንም። ይሁንና በቅርብ ዓመታት የዋልያው ቁጥር እንደገና ማሽቆልቆሉ ተነግሯል፤ በሰሜኑ ጦርነትና በኋላም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ጥበቃውና ቆጠራው ከባድ ሆኗል።

ዋልያ የፍየል የቅርብ ዘመድ ነው። ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው። ከለማዳ ፍየል ጋር ሊዳቀል ይችላል የሚለው ስጋት አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ፍየልን የሚይዝ በሽታ ለእሱም ያሰጋዋል። አሁን ደግሞ የደስታ በሽታ ታናሽ ወንድም የሆነ፣ በግና ፍየልን የሚገድል ቫይረስ አለ፤ የሀገራችን የእንስሳት ሐኪሞች “ደስታ መሰል በሽታ” ይሉታል። ይህ በሽታ ምን ማድረግ እንደሚችል ሞንጎሊያ ላይ ታይቷል። በ2016 በበግና በፍየል መንጋዎች ገብቶ ወደ ዱር ተሻገረና በ2016 መጨረሻና በ2017 መጀመሪያ ሳይጋ የሚባለውን አጋዘን መሰል እንስሳ በሺዎች ፈጀው፤ ከዚያች አገር መንጋ አብዛኛው አለቀ።

የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ይህንን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት በ2015 ዕቅድ አውጥተዋል። ክትባት አለ፤ አንድ መርፌ ለዓመታት ይከላከላል። ትምህርቱም አለ፤ ከአፋር ተምረነዋል። የሚጎድለው መርፌው እያንዳንዷ ፍየል ዘንድ መድረሱ ነው። ከሰሜን ተራሮች ሥር ያለች እናት አምስት ፍየሎቿ ቢሞቱባት የልጇ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ነው የሞተው። ፍየሎቿ ቢከተቡ ግን እሷም ትጠቀማለች፣ ከገደሉ ላይ ያለው ዋልያም ይጠቀማል። ሁለቱም አብረው የሚያተርፉበት እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ አይገኝም።

እርግጥ ነው ክትባት ሣር አያበቅልም። የግጦሹ ጥያቄ ለብቻው ስምምነት ይፈልጋል። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሜዳውን በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ ደግሞ እየከፈተ ሲጠብቅ ኖሯል። የ1967ቱ ዓ.ም የመሬት አዋጅ አሮጌውን ሥርዓት ቢያናጋውም ሕዝቡ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ደንቡን ያወጣው ሣሩን የሚፈልገው ሰው ራሱ ስለሆነ ነው የዘለቀው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች አንደኛ ዓመት ላይ ሸምድደናቸዋል። እስቲ በዚህ ጉዳይ ላይ እንሞክራቸው። “ከብቶች ፓርክ ገቡ” የሚል ወሬ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ምን እንደተፈጠረና የት እንደተፈጠረ ብቻ ነው። መቼ? በደረቁ ወቅት ነው ወይስ ክረምት ላይ? በላይኪፒያ እንዳየነው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የማን ከብት ነው? የአካባቢው ድሃ ሁለት ላም ነው ወይስ ከሩቅ የመጣ የባለሀብት መንጋ? ለምን ገባ? የቀድሞ ግጦሹ ታረሰ ወይስ ውኃው ደረቀ? ከብቱ ተከትቧል? በወረዳው ስንት የእንስሳት ሐኪም አለ? የመጨረሻው የክትባት ዘመቻ መቼ ነበር?

እነዚህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መሄድ፣ ከዚያም ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእረኛው ጋር መቀመጥ ይኖርበታል። እረኛው ደግሞ ብዙ ያውቃል። የትኛዋ ፍየል አፏ እንደቆሰለ፣ ዋልያው ወደ ታች የወረደው መቼ እንደሆነ ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው። የበሽታ ወሬ ቶሎ ከተሰማ መንጋ ይድናል፤ ከዘገየ ግን እኛ የምንጽፈው የሬሳ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ሙያ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተመልካችነት ያለፈ ድርሻ አለው።

ማጠቃለያ

በሬና ቆርኬ፣ ፍየልና ዋልያ፣ አህያና የዱር አህያ አንዱ በበረት፣ አንዱ በዱር ቢውሉም በአንድ ሣር፣ በአንድ ዓይነት ሆድና በአንድ ዓይነት በሽታ የተሳሰሩ ናቸው። 1887 ላይ በከብት የገባው ሞት ዱሩን አራቆተ፤ በከብት ላይ የተሠራው ሥራ ደግሞ ዱሩን መልሶ ሞላ። የአሁኑ ተራ የፍየሏ ነው። ቀጣዩን የዋልያ ዜና ለመጻፍ የሚነሣ የክፍል ጓደኛዬ ካለ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ገደሉን ከማየትህ በፊት ከሥሩ ያለውን በረት ግባና እይ፤ ፍየሎቹ መቼ እንደተከተቡ ጠይቅ።

ቸር እንሰንብት።